ይድነቃቸው ተሰማ ፤ ከኳስ ሜዳ እስከ ጉባኤ አዳራሽ

ለትምህርት ቤታችን በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት የአንድ ስፖርተኛ የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ በመካከላችን ብዙ ክርክር ተነሣ። በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ማታ ማታ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፥ በጀርባችን ላይ የተጻፈው ሁሉ የእንግሊዝና የስፔን ቡድኖች ተጫዋች ስም ነው። ስለዚህ ከእነዚያ አንዱ ይጻፍልን ያሉ ነበሩ። እኛ ግን አቶ ይድነቃቸው ተሰማን መረጥን። የመረጥንበትም ምክንያት ጎል አግቢ ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም፤ ጎል ያገባ ብዙ ነውና። መጫወት ካቆሙ በኋላ በንግግርና በብዕር የሠሩት ሥራ፥ በእግራቸው ከሠሩት ይበልጣል ብለን ስለምናምን ነው።

(ዘመኑን በአገራችን አቆጣጠር ጽፈናል፤ የዓለም ዋንጫዎችን ግን ሁሉም በለመደው በአውሮፓውያን ዓመት ጠርተናቸዋል።)

አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፥ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፥ በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዜማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፥ ከአማርኛ ዘፋኞችም በዚህ ረገድ ቀዳሚ የሆኑ ናቸው። ልጃቸው በጉባኤ ፊት ቆመው ሲናገሩ አዳራሹን ዝም የሚያሰኙ መሆናቸውን ስናስብ፥ ከአባት የወረደ ነገር ሳይኖር አይቀርም እንላለን።

የጊዮርጊስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በአራዳ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አማካይነት ሲቋቋም ይድነቃቸው ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ወራት ሳይቆይ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ኢጣልያኖች በእግር ኳስም ላይ የዘር አጥር ሠሩ፤ ኢትዮጵያዊው ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ተከለከለ፥ የጊዮርጊስም ቡድን ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ። የይድነቃቸው የጉርምስና ዘመን ያለፈው በዚህ ዓይነት ጊዜ ነው። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ፊት ይጠቅመናል።

ከነጻነት በኋላ ይድነቃቸው የጊዮርጊስ አጥቂ ሆነው ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ። በዚያው ጊዜ ደግሞ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነው በዋና ጸሐፊነት ያገለግሉ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው እየተጫወተ ፌዴሬሽኑን ይምራ ቢባል ሁላችንም እንስቃለን። በዚያ ዘመን ግን ሥራው ብዙ፥ ሠራተኛው ጥቂት ነበር።

በ1948 ዓ.ም. ሰኔ ወር የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በሊዝበን ከተማ ጉባኤ አደረገ። በዚያ የተገኙት የአፍሪካ አገሮች መልእክተኞች ስለ አንድ የአፍሪካ ማኅበር መቋቋም ተነጋገሩ። በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር ማኅበሩ በካርቱም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ከተማ እንዲደረግ ተወሰነ።

ችግሩ የተነሣው ወዲያው ነው። በዘር መለያየት ሕግ ትተዳደር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ፥ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሆኑበትን ቡድን እልካለሁ፥ ሁለቱን ግን አልቀላቅልም አለች። የቀሩት አባሎች የተቀላቀለ ካልሆነ አይሆንም ብለው አስወጧት። አራት አገሮች ብቻ ባሉበት ገና ባልጠና ማኅበር ውስጥ አንዱን ማስወጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን በጠላት ዘመን ከነጭ ጋር እንዳይጫወት የተከለከለ ወጣት፥ ጎልማሳ ሆኖ በዚህ ጉባኤ ሲቀመጥ ሌላ ውሳኔ ይሰጣል ብሎ ማን ይጠብቃል? እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ደቡብ አፍሪካ ልትገጥም የነበረው ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ነበረ ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ጎሎች ያገባው ኤል ዲባ የሚባለው ተጫዋች ነው። ይኸው ሰው በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ዳኛ ሆኖ ፊሽካ ነፍቷል።

ወደ 1954 ዓ.ም. እንምጣ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ። የመጡት እንግዶች ቱኒዚያ፥ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን፥ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፥ በዕለተ እሑድ ሕዝቡ ስታዲየሙን ሞላው። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ አገቡ። ተክሌ ግርማ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ሕዝቡ ጩኸቱን ሳይጨርስ፥ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ግብፆች እንደ ገና አገቡ። ብዙ ቡድን እንዲህ ባለ ጊዜ ወኔው ይከዳዋል። ቡድናችን ግን አልተበተነም፤ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው፥ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ሰጡ። ሉቺያኖና ኢታሎ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። በካርቱም ደቡብ አፍሪካ እምቢ ያለችው የተቀላቀለ ቡድን፥ እነሆ በአዲስ አበባ ዋንጫ አነሣ። ያ ዋንጫ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ያገኘችው ብቸኛ ድል ሆኖ ቀርቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ረክቶ ይቀመጥ ነበር። ይድነቃቸው ግን ወደ ጠረጴዛው ክርክር ተመለሱ። ፊፋ ለ1966 የዓለም ዋንጫ ከዐሥራ ስድስቱ ቦታዎች ለአፍሪካ፥ ለእስያና ለኦሺያኒያ በጠቅላላው አንድ ብቻ መደበ። ይህም ማለት የአፍሪካ አሸናፊ ወደ እንግሊዝ ከመሄዱ በፊት ከእስያው አሸናፊ ጋር እንደ ገና መጋጠም አለበት ማለት ነው። የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ተቃውሞውን መሩ፤ ለማጣሪያው ተመዝግበው የነበሩት የአፍሪካ አገሮችም ራሳቸውን አገለሉ። ፊፋ በገንዘብ ቀጣቸው። ባዶ የቀረውን ቦታ ሰሜን ኮሪያ ወስዳ በዚያው ውድድር ኢጣልያን 1 ለ 0 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። የዚያ ዋንጫ ጎል አግቢዎች አለቃ ደግሞ በሞዛምቢክ የተወለደው፥ ለቅኝ ገዢዋ ለፖርቱጋል የተጫወተው ኤውዜቢዮ ሲሆን 9 ጎሎች አግብቷል። አፍሪካ በቦታው አልነበረችም፤ ልጇ ግን ነበረ። ተቃውሞው ግን በከንቱ አልቀረም፤ ከ1970 ጀምሮ ለአፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት፥ መጀመሪያም ሞሮኮ ሄደች።

በ1964 ዓ.ም. በያውንዴ ከተማ ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥራ ላይ ቆዩ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በአገር ውስጥ መንግሥት ተለወጠ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ መጣ፤ እሳቸው ግን በአፍሪካ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ነገር እንደ ሆነ ብዙ ተንገላታ። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. አገዳት፤ የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ እዚያ ድረስ ሄደው በ1955 ዓ.ም. እገዳው ተነሣላት፤ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ እንደ ገና ታገደች፤ በመጨረሻ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ፈጽማ ተባረረች። ራውስም በ1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በብራዚላዊው ሃቬላንጅ ተሸንፈው ወርደዋል፤ በዚያ ምርጫ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ክብደት ነበረው። የዓለም ዋንጫም በ1982 ወደ 24 ቡድን ሲሰፋ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ፥ ካሜሩንም ሦስቱንም ጨዋታዎች ሳትሸነፍ ስትወጣ፥ ቦታው ለይምሰል የተሰጠ አለመሆኑ ታየ።

በአንድ ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ከይድነቃቸው ጋር አይስማሙም። የአፍሪካ ተጫዋቾች በገንዘብ ወደ አውሮፓ መሄዳቸውን እሳቸው አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ለአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር በውጭ ከሚጫወቱት ልጆቿ ከሁለት በላይ እንዳታሰልፍ የሚከለክል ደንብም እስከ 1974 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ ነበር። የድኻ ልጅ በእግሩ እንጀራ ቢያገኝ ምን ጥፋት አለው የሚሉ ጓደኞቻችን እውነት አላቸው። ሆኖም የኤውዜቢዮን ነገር ያየ ሰው የፍርሃታቸውን ምክንያት ሊያጣው አይችልም። ምርጦቹ ሁሉ ቢሄዱ፥ የአገር ውስጥ ሜዳ ማን ይቀረዋል? በሰፈራችን ልጆች ጀርባ ላይ የተጻፉትን ስሞች ስንቆጥር ይህ ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም እንላለን።

በ1978 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በካይሮ በተደረገ ጊዜ ይድነቃቸው በጠና ታመው ሳሉ በማኅበሩ ጉባኤ ተገኝተው የስንብት ያህል የሆነ ንግግር አደረጉ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን፥ ልጆች ቡሄ በሚጨፍሩበት ዕለት፥ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የዘር መለያየት ሕግ ሲፈርስና ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ ስትመለስ ለማየት አልታደሉም። በ1988 ዓ.ም. ጥር ወር የአፍሪካ ዋንጫ በዮሐንስበርግ ሲፈጸም ደቡብ አፍሪካ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጥቁርም ነጭም በነበረበት በዚያ ቡድን ፊት ቆሞ ኔልሰን ማንዴላ እያዩት ዋንጫውን ያነሣው አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነበር። በካርቱም የተጠየቀው ቡድን ወደ ሜዳ የወጣው ከ39 ዓመት በኋላ ነው።