መሬቱን የጠየቁት ፕሮፌሰር

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ ከኢንጂነሪንግ ጋር ያለኝ ዝምድና የቤታችን ግድግዳ ብቻ ነው። ሰፈራችን ዋልካ ላይ ስለሆነ ክረምት ሲገባ መሬቱ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ግድግዳችንም አብሮት ይሰነጠቃል። አባቴ በየዓመቱ ይለስነዋል፣ በየዓመቱ ተመልሶ ይተረተራል። የአፈር ነገር ግራ ቢገባኝ ሳነብ ሳነብ ከፕሮፌሰር ካርል ቴርዛጊ ሕይወት ጋር ተገናኘሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴርዛጊ በ1883 በፕራግ ከተማ ከአንድ የጦር መኮንን ቤት ተወለዱ። ግራዝ በተባለችው የኦስትሪያ ከተማ የተማሩት መካኒካል ኢንጂነሪንግ ቢሆንም ልባቸው ወደ ጂኦሎጂ ያደላ ነበር። ግንባታ ሥራ ውስጥ ሲገቡ አንድ ነገር አሳሰባቸው። የብረቱና የኮንክሪቱ ጥንካሬ በስሌት ይታወቃል፤ ሁሉን የሚሸከመው አፈር ግን በግምት ይታለፋል። በ1912 መልስ ፍለጋ አሜሪካ ሄደው ግድብ የሚሠራባቸውን ቦታዎች ዞሩ፤ ያሰቡትን ሳያገኙ ተመለሱ።

በ1916 በኢስታንቡል የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በአገራቸው ሽንፈት ሲያበቃ ሥራቸውን አጡና እዚያው ከተማ ወዳለው ሮበርት ኮሌጅ ገቡ። ላቦራቶሪ ከየት ይምጣ! የሲጋራ ሳጥንና የወዳደቀ ዕቃ ለቃቅመው መሣሪያውን ራሳቸው ሠሩ።

ያገኙትን ነገር እኔ የተረዳሁት በአይብ ነው። አይብ በጨርቅ ቋጥረን ድንጋይ ብንጭንበት አጓቱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ አይቡም እየጠበቀ ያንሳል። ውሃ ያዘለ የሸክላ አፈርም እንዲሁ ነው። ሕንፃ ሲጫንበት መጀመሪያ ክብደቱን የሚሸከመው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ነው፤ ውሃው እየወጣ ሲሄድ ሸክሙ ወደ ቅንጣቶቹ ይተላለፋል፣ መሬቱም ይሰምጣል። ሕንፃ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላ እንኳ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። የዋልካ ማበጥ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም እዚያም ነገረኛው ውሃ ነው።

ይህንን በ1925 በመጽሐፍ አሳተሙ፤ የአፈር ሜካኒክስ አባት ያሰኛቸውም ይኸው ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ጠራቸው፤ በ1929 ወደ ቪየና ተመለሱ።

ቪየና ላይ ግን ታሪኩ ይከብዳል። የዚያው ተቋም ፕሮፌሰር ፓውል ፊሉንገር በ1936 ቴርዛጊንና ሙያቸውን ክፉኛ የሚያጥላላ ጽሑፍ አሳተሙ። የተቋቋመው ኮሚቴ ለቴርዛጊ ፈረደ። በ1937 ፊሉንገርና ባለቤታቸው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። ዛሬ የሙያው ታሪክ ጸሐፊዎች ፊሉንገርም በአፈርና በውሃ ጥናት የራሳቸው ድርሻ እንደነበራቸው ይመሰክራሉ። ነገ ብዕር ለምንይዝ ለኛ ይሄ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ በሰው ላይ የምንጽፈው ነገር እስከ ምን እንደሚያደርስ ያሳያልና።

ቴርዛጊ ከ1938 ጀምሮ ሃርቫርድ አስተማሩ። ለኔ ትልቁ ሥራቸው ግን ግንባታን የመሩበት ዘዴ ነው። መሬት እንደ ፋብሪካ ብረት አንድ ወጥ ስላልሆነ ሁሉን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የማይታወቀውን ለይተህ ታስቀምጣለህ፣ ግንባታው እየሄደ ትለካለህ፣ መሬቱ ካሰብከው የተለየ ነገር ካሳየህ ንድፍህን ትለውጣለህ። የአስዋን ታላቁ ግድብ አማካሪዎች ሰብሳቢም ነበሩ፤ የኛው ዓባይ የሚገባበት ግድብ ማለት ነው። ነገር ግን ሥራውን ከያዙት የሶቪየት መሐንዲሶች ጋር ባለመስማማታቸው በ1959 ኃላፊነቱን ትተው ወጡ። በ1963 በ80 ዓመታቸው አረፉ። በካናዳ የሠሩት ሚሽን የተባለ ግድብ በስማቸው ቴርዛጊ ተብሏል።

እኔ ከሳቸው ሕይወት የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፤ የማያውቁትን አላውቅም ብሎ ወርዶ ማየት። ዘጋቢም እኮ ሥራው ይሄው ነው። አባቴም ዘንድሮ ከመለሰኑ በፊት ውሃው በየት በኩል ወደ መሠረቱ እንደሚገባ አብረን ልናይ ተስማምተናል።

ቸር ይግጠመን!