ሉዊ ፓስተርና የወይን ጠጅ ምስጢር

በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ፓስተር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው በጉለሌ በኩል ያለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ ዓመታት እዚያ ይሠራ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚህም የተነሣ ሰውዬው በእኛ ዘንድ የሚታወቀው፥ የሚታወቅ እንደ ሆነ፥ በእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው ብቻ ነው። እኛ ግን አሁን ልናነሣው የፈለግነው ሌላውን ፓስተር፥ የጠጁን ፓስተር ነው። ኪሱ የሳሳ ተማሪ ከሱቅ ጭማቂና በቆርቆሮ የታሸገ ፍሬ ገዝቶ በርካሽ ወይን ጠጅ ለመጣል ሲሞክር አንዱ ማሰሮ ይፈላል፤ አንዱ እንደ ሞተ ይቀራል፤ ሦስተኛው ኮምጣጤ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዕድል አለመሆኑን ለማረጋገጥ ግን ፓስተር ከሃያ ዓመት የበለጠ ጊዜ ፈጅቶበታል።

ሉዊ ፓስተር የተወለደው በታኅሣሥ 1822 በምሥራቅ ፈረንሣይ፥ ዶል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ አገልግሎ ኒሻን የተሸለመ ወታደር ነበር፤ ጦሩ ሲበተን ግን ወደ ቤተ ዘመዶቹ ሙያ ተመልሶ ቆዳ ማልፋት ያዘ። በአገራችን ፋቂ እየተባለ ሲናቅ የኖረው ሙያ መሆኑ ነው። ቤተ ሰቡ ብዙም ሳይቆይ አርብዋ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። አርብዋ በወይን ተክል የተከበበች አገር ናት፤ ልጁም ያደገው በቆዳው ጕድጓድና በወይኑ መጭመቂያ መካከል ነው።

በትምህርቱ ከሁሉ የላቀ ልጅ ነበር ብንል ውሸት ይሆንብናል። ጎልቶ የሚታየው የሥዕል ችሎታው ነበር፤ የወላጆቹንና የጎረቤቶቹን መልክ ይሥል ነበር፤ ሥዕሎቹም ዛሬ ድረስ አሉ። በ1838 ለትምህርት ፓሪስ ቢላክ የአገሩ ናፍቆት አላስቀምጥ ስላለው አባቱ መጥቶ ወደ ቤቱ መለሰው። በ1842 የሳይንስ ፈተናውን ሲያልፍ በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ነበር። በዚያው ዓመት ለፓሪሱ ኤኮል ኖርማል ተፈትኖ ቢያልፍም ተራው ዝቅ ያለ ነው ብሎ አልገባም አለ፤ አንድ ዓመት አጥንቶ እንደገና ተፈተነና ከፊተኞቹ ተርታ ሆኖ ገባ። ማለፉ ብቻ አላረካውም ማለት ነው። ይህ ጠባይ፥ እልኸኝነት እንበለው፥ በኋላ ብዙ ጠቀመው፤ ብዙ ጠላትም አፈራለት።

የመጀመሪያ ዝናውን ያገኘው በ1848 በወይን በርሜል ውስጥ ከሚቀረው ደለል በሚወጣ አሲድ ላይ ባደረገው ምርምር ነው። የአንዱን ጨው ደቃቅ ቅንጣቶች በማጉያ እያየ በመቆንጠጫ ሲለያይ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ የሚመሳሰሉ፥ ነገር ግን የማይገጣጠሙ ሁለት ዓይነቶች ሆነው አገኛቸው። ዝርዝሩን ለሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እንተወዋለን። በ1849 በስትራስቡር ሳለ ማሪ ሎራን የምትባለውን የትምህርት አስተዳዳሪ ልጅ አገባ፤ እርስዋም እስከ ዕለተ ሞቱ የሥራውን ጽሑፍ በእጅዋ እየገለበጠች ረዳችው።

ወደ ጠጁ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው በሊል ከተማ ነው። ፓስተር በ1854 እዚያ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። በ1856 ከስኳር ድንች ሳይሆን ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ አንድ ነጋዴ፥ ልጁም የፓስተር ተማሪ ነበር፥ ጋኖቹ እየሆመጠጡ ኪሳራ ላይ መውደቁን ነገረው። ፓስተር ከጋኖቹ እየቀዳ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ደህና በፈላው ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ የእርሾ ቅንጣቶች አየ፤ በተበላሸው ውስጥ ደግሞ ረዘም ያሉና እጅግ ያነሱ ሌሎች ነገሮች። በ1857 ስለ ወተት መሆምጠጥ፥ በ1860 ደግሞ ስለ አልኮል መፍላት የጻፋቸው ሁለት ጥናቶች ከዚህ የበቀሉ ናቸው።

በዚያን ጊዜ የጀርመኑን ሊቢግን የመሰሉ ታላላቅ የኬሚስትሪ ሊቃውንት መፍላት ማለት መበስበስ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር አያስፈልገውም ይሉ ነበር። እርሾ ሕያው ነው ያሉ እንደ ሽቫን ያሉ ሰዎች በ1837 ተነሥተው ነበር፤ ነገር ግን የሰማቸው ጥቂት ነው። ፓስተር ያሳየው እርሾ ሕያው መሆኑን ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ መፍላት የራሱ ሕያው እንዳለው ነው። ስኳሩን አልኮል የሚያደርገው አንዱ ነው፤ አልኮሉን ኮምጣጤ የሚያደርገው ሌላው ነው። እርሾ አየር ሲያገኝ ይራባል፤ አየር ሲያጣ አልኮል ማውጣቱን ያበረታል። የኮምጣጤው ጀርም ግን ያለ አየር አይሠራም።

አሁን ወደ ተማሪው ማሰሮ እንመለስ። ከሱቅ የተገዛ ጭማቂ ሳይከፈት ወራት የሚቀመጠው በፋብሪካ ስለ ተሞቀ ነው፤ ውስጡ የነበረ እርሾ ሞቷል፤ ስለዚህ እርሾ ካልተጨመረበት በወጉ አይፈላም። በቆርቆሮ የታሸገው አናናስም እንደዚሁ ነው። ፍሬን አሽጎ የማፍላትን ዘዴ ያወጣው አፔር የሚባል ፈረንሣዊ ምግብ ሠሪ በ1810 መጽሐፍ ቢያሳትምበትም፥ ዘዴው ለምን እንደሚሠራ ግን እስከ ፓስተር ድረስ በትክክል የተረዳ አልነበረም። ጭማቂው ላይ ቤንዞት ወይም ሶርቤት የሚባል ማቆያ የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ እርሾ ብንጨምርበትም አይነሣም፤ ይህን ከካርቶኑ ላይ ማንበብ ገንዘብ ያተርፋል። ስሌቱም ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር 1 በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። የፖም ጭማቂ በሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር ስላለው ብቻውን 6 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ 100 ግራም ስኳር ብንጨምርበት ወደ 12 ይጠጋል። የዳቦ እርሾም ይሠራል፤ ጣዕሙ ግን ዳቦ ዳቦ ይላል፤ ቶሎም አይጠራም። ጠርሙሱን ጥርቅም አድርጎ መክደን አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ይሰነጥቀዋል። ክፍት መተውም ኮምጣጤውን መጋበዝ ነው። ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ አውጥቶ ጫፉን ውሃ ውስጥ መንከር ሁለቱንም ያድናል፤ ጋዙ ይወጣል፥ አየር አይገባም።

እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት ስለ ጀርም ሰምተው አይደለም። ሥራቸው ግን ፓስተር ቢያየው የሚያመሰግነው ነበር።

በ1863 ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን ሦስተኛ የፈረንሣይ ወይን ጠጅ ለምን በየመርከቡና በየጎተራው እንደሚበላሽ እንዲመረምር ጠየቁት። ፓስተር ወደ ልጅነት አገሩ ወደ አርብዋ ተመለሰና የተበላሸውን ጠጅ ሁሉ እየቀመሰና በማይክሮስኮፕ እያየ የእያንዳንዱን በሽታ ጀርም ለየ። መድኃኒቱ እጅግ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ጠጁን ሳያፈሉ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ማሞቅ። ቀማሾቹ መጀመሪያ የበሰለ ጠጅ ብለው ናቁት፤ ተሸፍኖ ሲቀርብላቸው ግን መለየት ተሳናቸው። በሚያዝያ 1865 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ኋላም ማንም በነፃ እንዲሠራበት ለቀቀው። ዛሬ በወተትና በጭማቂ ካርቶን ላይ ፓስቸራይዝድ የሚለው ቃል የእሱ ስም ነው። በወይን ጠጅ የተጀመረ ነገር ወተት ላይ ስሙን ተከለ።

እነዚያ ዓመታት ግን የደስታ ዓመታት አልነበሩም። የበኩር ልጁ በ1859 በታይፎይድ ሞታ ነበር፤ በ1865 አባቱንና ሁለት ዓመት የሆናትን ልጁን፥ በ1866 ደግሞ ሌላዋን ልጁን በዚያው በታይፎይድ ቀበረ። ከአምስት ልጆች ሁለት ቀሩት። በ1868 ራሱን ደም መታው፤ ግራ እጁና እግሩ ዳግመኛ እንደ ቀድሞ አልሆኑለትም። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ጠጅን የሚያሳምሙ ከሆነ ሰውንስ ለምን አያሳምሙም የሚለው ጥያቄ ለእሱ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አልነበረም ብለን እናምናለን።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን በ1878 የሠራው ነው። የፊዚዮሎጂው ሊቅ ክሎድ በርናር በዚያ ዓመት መጀመሪያ ሞተ። ከሞተ በኋላ የተገኘ ማስታወሻው ሲታተም፥ አልኮል ያለ እርሾ ከጭማቂው በራሱ ሊወጣ ይችላል የሚል ሆነ። በርናር ወዳጁ ነበር፤ ሙት ደግሞ አይከራከርም። ፓስተር ግን ዝም ማለት አልሆነለትም። በአርብዋ አጠገብ በነበረው የራሱ ወይን ቦታ፥ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ በነሐሴ መግቢያ፥ በጥቂት ተክሎች ላይ የመስተዋት ቤት አስተከለ፤ አንዳንዱንም ዘለላ በሙቀት በጸዳ ጥጥ ጠቀለለው። አሳቡ እርሾው ከውጭ መጥቶ በፍሬው ቆዳ ላይ የሚያርፈው ፍሬው ሊበስል ሲል ነው የሚል ነበር። በመከር ጊዜ በሜዳ የበሰለው ወይን ሲጨመቅ በጥቂት ቀን ውስጥ ፈላ። በመስተዋቱ ሥር የበሰለው አልፈላም። ከመስተዋቱ ሥር የወጣ ዘለላ ሜዳ ላይ ተሰቅሎ ከሰነበተ በኋላ ግን ፈላ። ፓስተር በጥጥ የተጠቀለሉትን ዘለላዎች ከነሐረጋቸው በባቡር ፓሪስ ድረስ ወስዶ ለአካዳሚው አሳየ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፓስተር ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1897፥ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ እርሾን ፈጭቶ ሕይወት የሌለውን ፈሳሹን ብቻ ቢጨምር ስኳሩ ፈላ። ሥራውን የሚሠራው እርሾው የሚያወጣው ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሊቢግና በርናርም ፈጽመው አልተሳሳቱም። ፓስተር በሕይወት ቢኖር ይህን በቀላሉ ይቀበል ነበር አንልም።

የቀረውን ዓለም ስለሚያውቀው በአጭሩ እናልፋለን። በ1881 በፑዪ ለ ፎር የአባ ሰንጋ ክትባቱን በበጎች ላይ በአደባባይ አሳየ፤ በሐምሌ 1885 እብድ ውሻ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከተበ፥ ልጁም ዳነ፤ በ1888 በስሙ የተሰየመው ኢንስቲትዩት በፓሪስ ተከፈተ። ፓስተር የምርምር ደብተሮቹን ለማንም እንዳያሳዩ ለቤተ ሰቡ አዝዞ ነበር፤ በ1964 የልጅ ልጁ ለፈረንሣይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው። ጋይሰን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ደብተሮቹን መርምሮ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የበጎቹ ክትባት የተዘጋጀው ፓስተር ለሕዝብ ባስመሰለው መንገድ ሳይሆን ረዳቱ ሻምበርላን ባወጣው ዘዴ እንደ ነበር ገለጸ። በጎቹ መዳናቸው እውነት ነው። የሌላውን ሰው ዘዴ ሸፍኖ ማለፉ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው አይገባም ነበር እንላለን፤ መምህሮቻችን በየፈተናው የሚቀጡን በዚሁ ነገር ነውና።

ፓስተር በመስከረም 28 ቀን 1895 በፓሪስ አጠገብ ሞተ። አስከሬኑ በኢንስቲትዩቱ ምድር ቤት፥ በሞዛይክ ባጌጠ ክፍል ውስጥ አረፈ። በግድግዳውና በጣሪያው ላይ በጎቹ፥ ዶሮዎቹና ውሾቹ ተሥለዋል፤ በመካከላቸውም የወይን ሐረግ ይታያል።