ወንበሩን የተወ መምህር፦ የፕሮኤሬስዮስ ሕይወት

የሰማዕቱን የቅዱስ መርቆሬዎስን ሥዕል ያላየ በመካከላችን የለም። በጥቁር ፈረስ ተቀምጦ በጦር የሚወጋው ንጉሥ ዑልያኖስ ከሐዲ መሆኑንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነገር ግን ይህ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያንን ከተዋጋባቸው መንገዶች አንዱ ለትምህርት ቤት ያወጣው ሕግ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን አናውቅም። ዛሬ የምናነሣው በዚያ ሕግ ምክንያት ወንበሩን የተወውን፣ በዘመኑ ስሙ ከአቴና እስከ ሮም የገነነውን መምህር ፕሮኤሬስዮስን ነው። የጥንቱን ዘመን ዓመታት የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፕሮኤሬስዮስ የተወለደው በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን ትውልዱ ከአርመን ነው። በአንጾኪያ የንግግርን ጥበብ ከተማረ በኋላ ሄፌስትዮን ከተባለ ጓደኛው ጋር ወደ አቴና ተሻገረ። ሁለቱ ወጣቶች ከድህነታቸው የተነሣ ለሁለት ያላቸው አንድ የክት ልብስ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዱ ለብሶ ወደ ትምህርት ሲሄድ፣ ሌላው ቀለሙ በለቀቀ አሮጌ ምንጣፍ ተጠቅልሎ እቤት ውስጥ ትምህርቱን ያጠና ነበር፤ በሌላ ቀን ደግሞ ተራ ይለዋወጣሉ። የአብነት ተማሪን ደበሎና ኮቸሮ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ኑሮ እንግዳ አይሆንብንም።

ትምህርቱን ፈጽሞ መምህር በሆነ ጊዜ ዝናው የምቀኞችን ዓይን አቀላ። ተቀናቃኞቹ ለአገረ ገዢው ጉቦ ሰጥተው ከአቴና አስወጡት፤ በኋላ ግን በንጉሥ ፈቃድ ተመለሰ። ንጉሡ ቆንስጣስ የዛሬዋ ፈረንሳይ ወደምትገኝበት ወደ ጋሊያ ባስጠራው ጊዜ፣ በዚያ ብርድ ስስ ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ ሲሄድ ያዩት ሁሉ በትዕግሥቱ ተደነቁ። የሮም ከተማም በቁመቱ ልክ የነሐስ ሐውልት አቆመችለት። በቤቱ ግን ኀዘን አልቀረለትም፤ ሁለት ሴት ልጆቹን በጥቂት ቀናት ልዩነት ቀብሯል።

ፕሮኤሬስዮስ ክርስቲያን ነበር። የሚያስተምረው ግን የጥንት ግሪኮችን ድርሰትና የንግግር ጥበብ ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል እኛ በቅዳሴና በሃይማኖተ አበው የምናውቃቸው ቅዱስ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይገኙባቸዋል። ከእነርሱ ሌላ ጣዖት የሚያመልኩ ቤተ ሰቦች ልጆችም ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ ኤውናጵዮስ የተባለው ነው። ይህ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ታሞ አቴና ሲደርስ ሽማግሌው መምህር እንደ ልጁ አድርጎ ተቀበለው። ኤውናጵዮስ በኋላ ክርስትናን አጥብቆ የሚጠላ ጸሐፊ ሆነ፤ ሆኖም የመምህሩን ታሪክ በፍቅርና በአክብሮት ጽፎ ያቆየልን እርሱ ነው። እስኪ ይህን ልብ እንበል። ሃይማኖቱን የማይቀበል ተማሪ እንኳ የማይረሳው ፍቅር ከዚያ ወንበር ወጥቷል።

ዑልያኖስም በ355 ዓ.ም. በአቴና ተማሪ ነበርና ባስልዮስንና ጎርጎርዮስን ያውቃቸው ነበር። በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን ያነብ የነበረ ሰው ነው፤ በ361 ዓ.ም. ብቻውን ከነገሠ በኋላ ግን ወደ ጣዖት አምልኮ መመለሱን በይፋ ገለጠ። በሰኔ ወር 362 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ መምህራን ሁሉ አስቀድሞ ጠባያቸው እንዲመረመርና ሹመታቸው በንጉሥ እንዲጸድቅ አዘዘ። ሕጉ በላዩ ሲታይ መልካም ይመስላል። ምሥጢሩን የገለጠው ንጉሡ ራሱ በጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ይኸውም በአማልክት የማያምን ሰው ስለ አማልክት የሚናገሩትን የእነ ሆሜርን መጻሕፍት ቢያስተምር ሐቀኛ አይደለምና፣ ወይ እምነቱን ይለውጥ ወይም ወንበሩን ይልቀቅ የሚል ነበር።

ለፕሮኤሬስዮስ ግን በር ተከፈተለት። ሄሮኒሞስ እንደ መዘገበው፣ ንጉሡ ክርስቲያን እንደ ሆነ እንዲያስተምር ለእርሱ ብቻ ፈቀደለት። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ይህን ልዩ ፈቃድ አልተቀበለም፤ በገዛ ፈቃዱ ወንበሩን ተወ። በሮምም ስመ ጥሩው መምህር ቪክቶሪኖስ እንዲሁ አደረገ።

ፈቃዱን ቢቀበል ምን ነበረበት? ደመወዙ አይቋረጥም፣ ክብሩ አይጎድልም፣ ሃይማኖቱንም አልካደም። እኛ እንደምናስበው ግን እርሱ ብቻውን ቢቀመጥ ወንበሩ ለሕጉ ምስክር ይሆን ነበር፤ ንጉሡ ርኅሩኅ ነው ያሰኝ ነበር። በየከተማው እንጀራቸውን ያጡት ስም የለሽ መምህራን ደግሞ ብቻቸውን በቀሩ ነበር። ስለዚህ ከእነርሱ ጋር መቆምን መረጠ።

ዑልያኖስ በሰኔ 363 ዓ.ም. በፋርስ ጦርነት በጦር ተወግቶ ሞተ። በጥር 364 ዓ.ም. ሕጉ ተሻረ። ፕሮኤሬስዮስ ይህን አይቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዘጠና ዓመት በሚጠጋ ዕድሜው አረፈ፤ ጎርጎርዮስም ለመምህሩ የመታሰቢያ ግጥም ጻፈለት። ከንጉሡ ጋር የዘመተውና ክርስቲያን ያልነበረው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስ እንኳ ያንን ሕግ ጨካኝ ሲል ነቅፎታል።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባንም። በ529 ዓ.ም. ክርስቲያኑ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ በተራው በአማልክት የሚያምኑ እንዳያስተምሩ ከለከለ። ትናንት በእኛ ላይ ሲደረግ ግፍ ያልነው፣ ሥልጣን በእጃችን ሲገባ በሌላው ላይ ጽድቅ ሊሆን አይችልም።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ከምንማረው መካከል ብዙዎቻችን ነገ በመንግሥት ትምህርት ቤት ጠመኔ የምንይዝ ነን። በ1987 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የጸናው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ትምህርትም ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። አንዳንዶቻችን ይህን እንደ ዑልያኖስ ሕግ እንቆጥረዋለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ማዕተባችንን እስከ መሸሸግ እንፈራለን። ሁለቱም ስሕተት ይመስለናል። ዑልያኖስ መምህሩን ያለው እምነትህን ተው ነው። የአገራችን ሕግ የሚለው ግን የሰው ልጅ በአደራ ተሰጥቶሃልና በወንበርህ አታስገድደው ነው። ከፊታችን የሚቀመጡት የሙስሊሙም፣ የፕሮቴስታንቱም፣ የእኛም ልጆች ናቸው፤ ማርክ በእጃችን ይዘን ስንሰብካቸው እምቢ ለማለት አቅም የላቸውም።

እንግዲህ ከፕሮኤሬስዮስ ሁለት ነገር እንማር። በክፍል ውስጥ ሳለን ትምህርቱን በሚገባ እናስተምር፣ ሁሉንም ልጅ ሳናዳላ እንውደድ፤ ኤውናጵዮስን ያሸነፈው ይህ ነውና። እምነታችሁን ካልካዳችሁ ወንበሩ አይገባችሁም የተባልን ዕለት ደግሞ፣ ለብቻችን ምሕረት ሳንለምን ወንበሩን ትተን እንነሣ። ለዚያ ቀን የሚያበቃን ጽናት ግን የሚሠራው ከአሁን ጀምሮ በየዕለቱ በምንፈጽመው ታማኝነት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።