የሰውን ዕድሜ የጻፉ ሰው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ተማሪዎች ሆይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ወደ ይፋት ቆላ ብትወርዱ ሸዋ ሮቢትን ታገኛላችሁ። በገበያ ቀን ከመንዝ ደጋ ገብስ ጭኖ የወረደው ገበሬ፣ ማሽላና ማሾ የሚሸጠው የቆላ ሰው፣ የአርጎባው ሸማኔና ግመሉን እየነዳ የሚመጣው የአፋር ከብት አርቢ በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። ከእነዚህ መካከል በዕድሜ የገፉትን አንዱን ሽማግሌ ቀርባችሁ ብትጠይቁ፣ ስለ ድርቅና ስለ ጦርነት፣ ስለ ሠርግና ስለ ልቅሶ የማያልቅ ነገር ይነግሯችኋል። ይሁን እንጂ ከሚነግሯችሁ ሁሉ አንዲቱ እንኳ አልተጻፈችም። እርሳቸው ሲያልፉ አብራ ታልፋለች።

የሰው ዕድሜ እንዲህ ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳሰባቸው አንድ የሸዋ ተወላጅ ከመቶ ዓመት በፊት ብዕራቸውን አነሡ። እኒህ ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. ከይፋት በስተምዕራብ፣ ከመንዝ ደጋ ማዶ በምትገኘው በመርሐ ቤቴ ነው። በዘመኑ እንደ ነበረው ልማድ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ፤ ግዕዝንም ጠንቅቀው ዐወቁ። ከዚያ በኋላ ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ብልህነታቸውና የብዕራቸው ውበት ስለ ታወቀም ወደ መንግሥት ሥራ ተጠሩ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲደፋ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር ወደ ለንደን ሄዱ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው የአውሮፓን አገሮች ጐበኙ። ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ ተጉዘው በመመለስ ያዩትን ሁሉ ጽፈው አሳተሙ።

ሹመትና መንገድ ግን ከብዕራቸው አልለያቸውም። ልብ በሉ፤ ገና በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ስም ሰብስበው በአንድ ዝርዝር አወጡ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ይህንኑ አስፍተው አሳተሙት። መጽሐፍ እንዳይጠፋ ስሙን መመዝገብ ይገባል ብለው ያምኑ ነበር። ቀጥሎም ይህን አሳባቸውን ከመጽሐፍ ወደ ሰው አሸጋገሩት።

በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ «የሕይወት ታሪክ» ይባላል። በዘመናቸውና ከእርሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የነበሩ ብዙ ሰዎች ታሪካቸው በአጭር በአጭሩ ተጽፎበታል። መጽሐፉን ያዘጋጁት በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ነው። እነዚያ የኋላ ዘመን ልጆች እነማን እንደ ሆኑ ታውቃላችሁን? እናንተ ናችሁ። ደራሲው ፊታችሁን ሳያዩ፣ ስማችሁንም ሳይሰሙ፣ እናንተን እያሰቡ ጽፈዋል።

እንግዲህ ለሥራቸው ምስጋና እያቀረብን አንድ እውነት መርሳት አይገባንም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የተጻፉት በአብዛኛው መኳንንትና ሊቃውንት ናቸው። ጐተራውን የሞላው ገበሬ፣ ጋቢውን የሠራው ሸማኔ፣ እንስራ ተሸክማ ውሃ የቀዳችው ሴት ስማቸው የለም። ይህ ጉድለት የኅሩይ ብቻ አይደለም፤ ከጥንት ጀምሮ የቆየ የታሪክ ጸሐፊዎች ልማድ ነው። ምስክሩን በይፋት ምድር ታገኙታላችሁ። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ይፋትን የገዙ የወላስማ ሱልጣኖች ነበሩ። ከእነርሱ ወገን የአንዳንዶቹ ስም በዐረብኛ ተቀርጾ በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል። በተራራው ወገብ ላይ ፍርስራሻቸው የቀረውን የድንጋይ ከተሞችና መስጊዶች በእጃቸው የገነቡት ሰዎች ግን ስማቸው አልቀረም። ድንጋዩ አለ፤ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ማን እንደ ነበረ የሚነግረን የለም።

ኅሩይም ይህን ጉድለት በሌላ መንገድ ለመሙላት የሞከሩ ይመስላል። በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለድ መጽሐፋቸው የተረኩት ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር አበጋዝ አይደለም፤ ከይፋት አጐራባች ከተጉለት ተነሥቶ በፓሪስ ስለ ተማረና ወደ አገሩ ሲመለስ ከዘመዶቹ ልማድ ጋር ስለ ተጋጨ ወጣት ነው።

አሁን ደግሞ የደራሲውን የራሳቸውን ዕድሜ ፍጻሜ ተመልከቱ። በ1915 ዓ.ም. አንድ ሰው የኅሩይን ታሪክ ጽፎ ብዕሩን ቢያስቀምጥ ኖሮ፣ የገጠር ልጅ በትምህርቱ ከፍ አለ፣ ተሾመ፣ ተከበረ ብሎ በደስታ በዘጋው ነበር። ዘመን ግን በዚያ አልቆመም። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ስትወረር ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ያሳደጉትን ቤት፣ የሰበሰቡትን መጻሕፍት፣ በማተሚያ ቤት የነበረውን ሰፊ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸውንም ትተው ሄዱ። የአገራቸውን ነፃነት ሳያዩ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ባዝ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 60 ዓመት ነበር። በወጣትነታቸው ለዘውድ በዓል በክብር በሄዱበት አገር በስደት ሞቱ። በ1915 ዓ.ም. ብቻ ያያቸው ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ቀን የታየ ሰው ገና ያልታወቀ ሰው መሆኑን ነው። ይህን እውነት ብዕር ብቻ ሳይሆን ካሜራም ኋላ መስክሮታል። ኅሩይ ባረፉባት በእንግሊዝ አገር በ1956 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ሰዎች 14 የሰባት ዓመት ልጆችን ፊልም አነሡ። ልጆቹ ከሀብታምም ከድኃም ቤት የተመረጡ ነበሩ። ከዚያም በየሰባት ዓመቱ እየተመለሱ እነዚያኑ ሰዎች ይጠይቁ ጀመር፤ ይህም ሰዎቹ 63 ዓመት እስኪሞላቸው፣ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለ። ፈረስ ጋላቢ ለመሆን የተመኘው ልጅ ታክሲ ነጂ ሆነ። በሰባት ዓመቱ ፊቱ በደስታ ያበራ የነበረው ሌላው ልጅ በ28 ዓመቱ ቤት አልባ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ግን ተነሥቶ በአካባቢው ምክር ቤት ተመራጭ ሆነ። ፊልም አንሺዎቹ በ28 ዓመቱ ትተውት ቢሄዱ ኖሮ ታሪኩ በውርደት ያለቀ በመሰለን ነበር። እንዲህ ያለው ዘጋቢ ፊልም ትልቅነቱ በካሜራው ጥራት አይደለም፤ ተመልሶ በመጠየቁ ነው። የተመረጡትም ነገሥታት ሳይሆኑ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ናቸው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ካሜራ እስኪገዛላችሁ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ኅሩይ የያዙት ብዕርና ወረቀት በእጃችሁ አለ። ወደ አያታችሁ ወይም ወደ ጐረቤታችሁ ሽማግሌ ቅረቡ፤ የት እንደ ተወለዱ፣ ልጅ ሳሉ ምን ተመኝተው እንደ ነበረ፣ ኋላም ምን እንደ ሆኑ በትሕትና ጠይቁና የጠየቃችሁበትን ቀን ጨምራችሁ ጻፉ። የነገሯችሁን አታሳምሩ፤ አታጉድሉም። ደብተራችሁንም አትጣሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ጠይቁ፤ የተለወጠውንም ከፊተኛው በታች አስፍሩ። ከዚያ በኋላ የሮቢት ገበያ ሽማግሌ ቢያልፉ እንኳ ታሪካቸው አብሮ አያልፍም፤ ለኋላ ዘመን ልጆች የሚቀር ቃል ከእናንተ እጅ ይገኛልና።