ስሌትን በሽቦ ያሻገሩት ሊቅ

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ስቲቢትዝ የተወለዱት በ1896 ዓ.ም. ነው። በቤል የስልክ ቤተ ሙከራ ሲያገለግሉ፣ በ1930 ዓ.ም. በቤታቸው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከስልክ ዕቃዎች ቁጥር የሚደምር መሣሪያ ሠሩ። ከዚያም ከባድ ስሌት የሚያሰላ ትልቅ መሣሪያ ኒው ዮርክ ላይ ተተከለ።

መስከረም 1 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በወራሪ እጅ ሆና እንቁጣጣሽን ስትቀበል፣ ስቲቢትዝ በአሜሪካዋ ሃኖቨር ከተማ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት አዲስ ነገር አሳዩ። የስሌቱ ጥያቄ በሽቦ ወደ ኒው ዮርክ ተላከ፤ መልሱም በዚያው ሽቦ ተመለሰ። ርቀቱ ከሰኮሩ እስከ አዲስ አበባ ካለው ይበልጣል።

ስቲቢትዝ በ1987 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ ጅማ ተቀምጦ የቡና ምርምር መረጃውን ሩቅ ባለ ሰርቨር የሚያሰላ ባለሙያ የሚሄደው እርሳቸው በጠረጉት መንገድ ነው፤ መሣሪያው በደጁ ባይኖርም፣ መስመሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ስሌቱ አይቀርበትም።