ሰር ጆን ሲሞንና ሽንትን ወደ አንጀት የማዞር የመጀመሪያው ሙከራ

ጆን ሲሞን በሕክምና ታሪክ ውስጥ በሁለት ቦታ ይገኛሉ። የሕዝብ ጤና ታሪክ ለንደንን ከኮሌራ ለመታደግ የደከሙ ሹም አድርጎ ያነሳቸዋል። የዩሮሎጂ ድርሳናት ግን ሽንትን ወደ አንጀት ለማዞር የሞከሩ የመጀመሪያው ሐኪም ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል። ያ ዓረፍተ ነገር ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል።

ሲሞን በ1816 በለንደን ተወለዱ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1833 በጆሴፍ ሄንሪ ግሪን ሥር የቀዶ ሕክምና ተለማማጅ ሆኑ። በ1845፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ የሮያል ሶሳይቲ አባልነትን አገኙ። በ1847 በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ፓቶሎጂ ማስተማር ጀመሩ፤ በማግስቱ ዓመት የለንደን ሲቲ የጤና ሹም ሆነው ሲሾሙም የቀዶ ሕክምና ሥራቸውን አልተዉም።

በ1852 በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ዘገባ የአንድ ታዳጊ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ የሆዱ የታችኛው ግድግዳና የፊኛው የፊት ገጽ ሳይዘጋ የተወለደ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሽንቱ ያለማቋረጥ በቆዳው ላይ ስለሚፈስ ቁስሉና ሽታው አይለዩትም። ሲሞን ፊኛውን ለመጠገን አልሞከሩም። ከኩላሊት የሚወርዱትን ሁለቱን ዩሬተሮች በመርፌና በክር ከትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ጋር በማያያዝ፣ የፊንጢጣ ጡንቻ ሽንቱንም እንዲቆጣጠር አሰቡ። ሽንቱም በአንጀት በኩል መውጣት ጀመረ፤ ልጁ ግን በኢንፌክሽንና በጠጠር ተሠቃይቶ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ሞተ።

ጉድለቱ የእጅ አልነበረም። ጤነኛ ዩሬተር የፊኛን ግድግዳ በስተጎን ሰንጥቆ ስለሚገባ ፊኛው ሲሞላ ይጨፈለቃል፤ ሽንትም ወደ ኋላ አይመለስም። አንጀት ላይ በቀጥታ የተከፈተ ቀዳዳ ይህ መከላከያ የለውም፤ ስለዚህ ዓይነ ምድርና ጀርሞች ወደ ኩላሊት ይወጣሉ። ሮበርት ኮፊ በ1911 ዩሬተሩን በአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ሥር በሰያፍ የማሳለፍ ዘዴ ያቀረበው ይህን ለመግታት ነበር። ሆኖም ሌላ ችግር ቀረ፦ በአንጀት ውስጥ የሚቆይ ሽንት ክሎራይዱና አሞኒየሙ ወደ ደም ይመጠጣል፤ ባይካርቦኔት ይባክናል፤ ደምም አሲዳማ ይሆናል። ፌሪስና ኦደል በ1950 ባሳተሙት ጥናት ከ141 ሕመምተኞች 80 በመቶ ያህሉ ላይ ይህን አግኝተዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በመገናኛው ላይ የሚበቅለው ካንሰርም ታከለበት። ዩጂን ብሪከር በዚያው በ1950 ያስተዋወቀው ዘዴ ከቀጭን አንጀት የተቆረጠ አጭር ቁራጭን ወደ ሆድ ቆዳ በማውጣት ሽንቱን በከረጢት ያስቀበለ ነው። ሽንቱ ሳይቆይ ስለሚፈስና ከዓይነ ምድር ስለሚለይ አደጋው ቀነሰ፤ የመውጫው መጥበብ፣ በዙሪያው የሚፈጠር ሄርኒያና የኩላሊት መድከም ግን ዛሬም ክትትል ይሻሉ።

ሲሞን ከልጁ ሞት በኋላ ስማቸውን ያስጠሩት በከተማ ውሃ ነው። በ1856 ባወጡት ሪፖርት በደቡብ ለንደን ውሃ የሚያከፋፍሉ ሁለት ኩባንያዎችን አነጻጸሩ። አንደኛው መቅጃውን ከከተማው ፍሳሽ በላይ ወዳለው የቴምዝ ክፍል አዛውሮ ነበር፤ ሌላው ከቆሸሸው ወንዝ ይቀዳ ነበር። በ1854ቱ ወረርሽኝ የኮሌራ ሞት ከ10,000 ሰው በመጀመሪያው ዘንድ 37፣ በሁለተኛው ዘንድ 130 ሆኖ ተገኘ። እንዲያም ሆኖ የጆን ስኖውን ድምዳሜ ወዲያው አልተቀበሉም፤ ክብሩን በግልጽ የሰጡት በ1890 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። የማዘግየታቸው ነገር ከተቆጣጣሪ ሹም የሚጠበቅ ጥንቃቄ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ለስኖው ግን ምንም አልፈየደም፤ በ1858 ሞቶ ነበርና።

ሲሞን በ1876 ከመንግሥት ሥራ ለቀቁ፤ በ1887 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በ1904 ሲያርፉ የኮፊ ዘዴ ሊታተም ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር።