ዐፄ ገላውዴዎስና ስለ ቀዳሚት ሰንበት የሰጡት መልስ

በአቃቂ ቃሊቲ በፋብሪካ ከሚሠሩት ምእመናን ብዙዎች የንስሐ ልጆቻችን ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ወጣት፥ ባልደረቦቹ ቀዳሚት ሰንበትን የሚያከብር፥ ልጁን በስምንተኛው ቀን የሚያስገርዝ፥ የእሪያ ሥጋም የማይበላ ሰው የአይሁድን ሕግ እንጂ ወንጌልን አልተከተለም እያሉ እንደ ነቀፉትና የሚመልሰው እንዳጣ በኀዘን ነገረን። ነቀፋው አዲስ አይደለም። ከአራት መቶ ስድሳ ከሚበልጥ ዓመት በፊት ለአገራችን ንጉሥ ቀርቦ፥ ንጉሡም በጽሑፍ መልሰውለታል። ስለዚህ የእኒህን ንጉሥ ዜና ሕይወት በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን።

ዐፄ ገላውዴዎስ የዐፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው። አባታቸው በደብረ ዳሞ ባረፉ ጊዜ ዕድሜያቸው ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ነበረ። የኢማም አሕመድ ሠራዊት አገሩን ይዞት ነበር፤ ከወንድሞቻቸው ፊቅጦር ተገድለዋል፥ ሚናስ ተማርከዋል። በ1533 ዓ.ም. አራት መቶ ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች በክሪስቶፎር ደጋማ መሪነት ምጽዋ ደረሱ። መሪያቸው በኋላ ቢገደልም፥ የተረፉት ከንጉሡ ጋራ ተባብረው የካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ድል ተገኘ። በዚያም የተማረከው የኢማሙ ልጅ በሚናስ ተለወጠ፤ የሁለቱ እናቶች ልመና ወንድምን ለወንድም መለሰ።

ነገር ግን ለእርዳታው ዋጋ ተጠየቀ። ዮሐንስ ቤርሙዴስ የተባለው ፖርቱጋላዊ ከሮም ተሾምሁ እያለ ንጉሡ ለሮም እንዲገዙ አጥብቆ ያዛቸው ጀመር። ንጉሡ የወታደሮቹን ውለታ አልካዱም፤ ርስትና ክብር ሰጧቸው። ሃይማኖታቸውን ግን ለውለታ አልከፈሉም፤ እንደ አበው ሥርዓት ወደ እስክንድርያ ልከው አቡነ ዮሳብን አስመጡ። በ1547 ዓ.ም. የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጎንሳሎ ሮድሪጌስ ደግሞ መጥቶ የሮምን ትምህርት አቀረበ። ንጉሡም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሃይማኖታቸውን መግለጫ በግዕዝ ጻፉ።

ድርሰቱ አጭር ነው። በመጀመሪያ የሦስቱን ጉባኤያት ሃይማኖት ከመሰከሩ በኋላ ወደ ነቀፋው ይመለሳሉ። ቀዳሚትን የምናከብራት እንደ አይሁድ አይደለም ይላሉ፤ እነርሱ በዚያች ቀን እሳት አያነዱም፥ ወጥ አይሠሩም፥ ከቤት ወደ ቤት አይሄዱም፤ እኛ ግን ቅዱስ ቁርባንን እናሳርግባታለን፥ ማዕድም እናበላባታለን፤ ይህም ሐዋርያት በዲድስቅልያ ያዘዙት ነው። እሑድንም ከእርሷ ጋራ አናስተካክልም። ግዝረትንም የቅዱስ ጳውሎስን ትምህርት እያወቅን የምናደርገው የአገር ልማድ ስለ ሆነ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በሕንድ ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው። የእሪያን ሥጋ የሚበላውን አንጸየፈውም፥ የማይበላውንም አናስገድደውም።

እኛ በጉባኤ ቤት ሳለን አንዳንድ መምህራን ግዝረትን ከፊት ብጣት ጋራ ማስተካከል አይገባም፥ አብርሃምም ሊጠቀስ ይገባ ነበር ይሉ ነበር። ለእኛ ግን ንጉሡ አስበው ያደረጉት ይመስለናል። አብርሃምን ጠርተው ቢሆን ኖሮ ከሳሹ ይኸው ኦሪት ነው ባለ ነበር። የሰንበቱ ነገር ከዚህ ይለያል፤ በአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ምክንያት ብዙ ክርክር ተደርጎበት፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወስኗልና፥ ንጉሡ ልማድ ብለው አላለፉትም።

ለወጣቱም ይህንኑ ነገርነው። ቀዳሚት ከቀዳም ስዑር በቀር አትጾምም፤ ቅዳሴ ይቀደስባታል። ፈረቃው ቅዳሜ የዋለበትን ሠራተኛ ሞተር አስነሣህ ብለን በኦሪት አንፈርድበትም፤ የምናዝንለት ከቁርባኑ ስለ ራቀ ነው። እርሱም ከዚያ ወዲህ የሌሊቱ ፈረቃ ሲደርሰው በማለዳ ከፋብሪካው በቀጥታ ወደ ቅዳሴው ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ቆሞ ያንቀላፋል።

በ1549 ዓ.ም. ጳጳሱ እንድርያስ ኦቪዬዶ ገብቶ ክርክሩን ቀጠለ፤ ንጉሡም በሰላም እያከበሩት ተከራከሩት። በ1551 ዓ.ም. የካቲት ወር ኦቪዬዶ ሰንበትን፥ ግዝረትንና የእሪያን ነገር እየጠቀሰ የኢትዮጵያን ምእመናን በጽሑፍ አወገዘ። በማግሥቱ ወር የሐረሩ አሚር ኑር ዘመተ፤ ዐፄ ገላውዴዎስም መጋቢት 27 ቀን፥ በሰሙነ ሕማማት፥ በጦርነቱ ወደቁ። ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ፤ መንግሥቱንም ከምርኮ የተመለሱት ሚናስ ወረሱ።